ባለክዳን ሸረሪት አገኛችሁ? አዲስ ዝርያ መሆኑን የምታጣሩበትና የምትገልጹበት መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

በየጊዜው ተመሳሳይ መልእክት ይደርሰኛል። አንድ ደብዘዝ ያለ ፎቶ፣ መሬት ላይ የጉድጓድ በር የሆነ ትንሽ ክብ ክዳን፣ ከሥሯ አጮልቃ የምታይ ጥቁር ሸረሪት። ከዚያ «ጉግል ላይ ፈልጌ አጣሁት፣ አዲስ ዝርያ ይሆን?» የሚል ጥያቄ። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው መመለስ ስለማይቻል አንዴ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከፎቶ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። አዲስ ዝርያ ማለት እናንተ አይታችሁት የማታውቁት ማለት አይደለም። ስም ከወጣላቸው ዘመዶቹ ሁሉ የሚለይ፣ ልዩነቱም በጽሑፍና በሥዕል የታየ ማለት ነው። ስለዚህ ሸረሪቷን ማግኘቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ከዚህ በፊት ማንም ስም እንዳላወጣላት ማጣራቱ ነው፤ ስም ያላቸው ሸረሪቶች ደግሞ ከ50,000 በላይ ናቸው።

እንደ ምሳሌ ደጋግሜ የምጠቅሰው አንድ ዝርያ አለ፤ ክሪፕቶክቴኒዛ ካውታክ ይባላል። የሚገኘው አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ፣ ሞስ ላንዲንግ በተባለ የባሕር ዳርቻ ነው። ጄሰን ቦንድ የተባለው የሸረሪት ተመራማሪ ሴቷን ያገኛት በ1997 ነበር። ዝርያው ተገልጾ የታተመው ግን በ2020 ነው። በመሃል ለምን ይህን ያህል ዓመት እንደሄደ ደረጃዎቹን ስታነቡ ይገባችኋል።

(እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ዓመቶች ሁሉ፣ ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ለምን ይህን እንደምል ደረጃ 5 ላይ ታያላችሁ።)

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመስክ፦
- የግንባር ባትሪ
- ትንሽ የአትክልት አካፋና ሰፊ ምላጭ ያለው ቢላዋ
- ለስላሳ ወረንጦ፣ የቀለም ብሩሽ፣ ቀጭን የሣር ዘንግ ወይም ስትሮ
- ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች (አንድ ሸረሪት በአንድ ዕቃ፤ ሁለት ካደረጋችሁ አንዷን ታገኛላችሁ)
- ጂፒኤስ ወይም ስልክ፣ ማስመሪያ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ
- ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ

ለቤተ ሙከራ፦
- የሚለካ መስመር በመነጽሩ ውስጥ ያለው ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕና ካሜራ
- 95 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ኢታኖል ለዲኤንኤ፣ ከ75 እስከ 80 በመቶ ደግሞ ለአካሉ
- በደንብ የሚገጥሙ ብልቃጦች
- ፔትሪ ዲሽና የታጠበ ደቃቅ አሸዋ
- ቀጫጭን መርፌዎች፣ ትንሽ መቀስ፣ የቅርንፉድ ዘይት ወይም ላክቲክ አሲድ
- ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ለመለያ

ማይክሮስኮፕ ከሌላችሁ አትግዙ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ የባዮሎጂ ክፍል ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አይጠፋም።

1. መጀመሪያ ፈቃድ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ መዝለል ይፈልጋል። አትዝለሉት። ያለ ፈቃድ የተያዘ ናሙና ብዙ ጆርናሎች አይቀበሉትም፣ ሙዚየምም አያስገባውም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቁ። የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድም ይጨመራል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖሩና ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ ሸረሪት ያያችሁ ደግሞ፣ በሻንጣ ሸጉጦ መውጣት ብሎ ነገር የለም። ከአገር ለማስወጣትም ወደምትሄዱበት አገር ለማስገባትም ወረቀት ያስፈልጋል፣ የሞተ ናሙና ቢሆንም። ኢታኖልም ተቀጣጣይ ስለሆነ አየር መንገዶች የራሳቸው ገደብ አላቸው።

2. ክዳኑን ፈልጉ፣ ከመንካታችሁ በፊት መዝግቡ

በእግር መንገድ ዳር ያለ የተቆረጠ የአፈር ግድግዳ፣ የወንዝ ዳርቻ ተዳፋት፣ ሽበት (ሞስ የሚባለው አረንጓዴ ልባስ) የያዘ መሬት፣ የአሸዋ ክምር፣ እነዚህን እዩ። ክዳኑ በአካባቢው አፈርና ሽበት ስለሚለበስ ከላይ በቀጥታ ስታዩት አይታይም። ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ ቀጭን የግማሽ ጨረቃ መስመር ፈልጉ። የመጀመሪያዋ ታደክማለች። አንዴ ዓይናችሁ ከለመደ ግን አጠገቧ ያሉት አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ ምክንያቱም በአብዛኞቹ ዝርያዎች ልጆች ከእናታቸው ብዙ አይርቁም።

ከመቆፈራችሁ በፊት እነዚህን ጻፉ፦ የክዳኑ ስፋት በሚሊሜትር፣ ውፍረቱ (እንደ ቡሽ ወፍራም ነው ወይስ እንደ ወረቀት ስስ?)፣ ማጠፊያው በየት በኩል እንደሆነ፣ በዙሪያው ያለው ዕፅዋት፣ የመሬቱ ዝንባሌ። ለምን? ቆፍራችሁ ስትጨርሱ ይህ ሁሉ ስለሚጠፋ። የክዳኑ አሠራር ደግሞ ከጂነስ ጂነስ (ጂነስ የሚባለው የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ምድብ ነው) ስለሚለያይ በኋላ ፍንጭ ይሆናችኋል።

ክዳን ስላለው ብቻ ባለክዳን ሸረሪት ነው ማለት አይደለም። ከተኩላ ሸረሪቶችም ለጉድጓዳቸው ክዳን የሚሠሩ አሉ። ለዚህ ነው ደረጃ 6 የሚያስፈልገው።

3. ሸረሪቷን አውጡ

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በሌሊት ነው። ሸረሪቷ ክዳኑ ሥር ተቀምጣ የሚያልፍ ነፍሳት ስትጠብቅ፣ በሣር ዘንግ ከፊቷ ቀስ ብላችሁ መሬቱን ነካ ነካ አድርጉ። ወጣ ስትል ቢላዋውን ከኋላዋ አስገብታችሁ መመለሻዋን ዝጉባት። ፈጣን እጅ ይጠይቃል፣ ካመለጠችም ያን ሌሊት ዳግም አትወጣም፤ ጉድጓዷ ግን አይፈርስም።

ሁለተኛው መቆፈር ነው። ከላይ ወደ ታች አትቆፍሩ፣ ሸረሪቷን ትጨፈልቋታላችሁ ወይም አፈሩ ተንዶ አቅጣጫው ይጠፋባችኋል። ዘንጉን ወይም ስትሮውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታችሁ አቅጣጫውን ካወቃችሁ በኋላ ከጎኑ ሌላ ጉድጓድ ቆፍሩና፣ በመሃል ያለውን የአፈር ግድግዳ ቀስ በቀስ እየሸረፋችሁ ወደ እሱ ቅረቡ፣ የሐሩ ሽፋን ሲታያችሁ አካፋውን ጥላችሁ በብሩሽና በወረንጦ ቀጥሉ። ጥልቀቱን፣ የጎን ክፍል ካለው፣ ሐሩ እስከ ታች መድረሱን ጻፉ። ስትጨርሱ አፈሩን መልሱ።

> ማስጠንቀቂያ፦ እጃችሁን ባዶ ጉድጓድ ውስጥ አታስገቡ። እባብና ጊንጥም እዚያ ያድራሉ። የብዙዎቹ ባለክዳን ሸረሪቶች ንክሻ ለሰው ከሕመም ያለፈ ጉዳት ባያደርስም ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። አውስትራሊያ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ሕይወት የሚያሳጣ መርዝ ያላቸው ፈነልዌብ የሚባሉ ሸረሪቶችም መሬት ውስጥ ይኖራሉ።

ስንት ልያዝ? ትንሽ። አንድ ሁለት ሴት፣ ወንድ ከተገኘ ወንድ። ትንንሾቹን ተዉአቸው፤ ለመግለጫ አይረቡም። ባለክዳን ሸረሪት ዕድሜዋ ረጅም ነው፣ ሴቷ ከጉድጓዷ አትርቅም። በምዕራብ አውስትራሊያ «ቁጥር 16» የተባለች የጋየስ ቪሎሰስ ዝርያ ሴት 43 ዓመት በዚያው ጉድጓድ ኖራለች፣ የሞተችውም ተርብ ወግቷት ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ ካለበት ትንሽ ቦታ አሥር ጎልማሳ ሴት ብትወስዱ፣ ልትገልጹት የመጣችሁትን ዝርያ እናንተው ልታጠፉት ትችላላችሁ።

4. በሕይወት እያለች ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ አቆዩአት

ቀለም አልኮል ውስጥ ይጠፋል። ወርቃማ የነበረው ቡናማ ይሆናል፣ የሆድ ላይ ጥለቶች ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት (ዓይኖቿ እንዲታዩ) ፎቶ አንሱ፣ አጠገቧ ማስመሪያ አድርጉ።

ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታችሁ አደንዝዟት። ለዲኤንኤ ከአንድ ጎን ብቻ አንድ ወይም ሁለት እግር ቁረጡ፤ የተለመደው ሦስተኛው እግር ነው። የወንድ የፊት እግር በፍጹም አይቆረጥም፤ ዋናው መለያ እዚያ ላይ ነው። የተቆረጠውን በ95 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ኢታኖል፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አካሉን ከ75 እስከ 80 በመቶ ባለው ውስጥ። ለምን አንድ ዓይነት አንጠቀምም? ጠንካራው አልኮል ዲኤንኤን ይጠብቃል ግን አካልን ያደርቃል፣ እግር ስትነኩ ይሰበራል። ሆዷ ትልቅ ከሆነ አልኮል በመርፌ ወጋ አድርጉበት፣ አለዚያ ከውስጥ ይበሰብሳል። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን አልኮሉን ቀይሩ፣ ከሰውነቷ የሚወጣው ፈሳሽ ስለሚያቀጥነው።

5. መለያ ወረቀት

መለያ የሌለው ናሙና ቆሻሻ ነው። ጨከን ብዬ ነው የምናገረው፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። የት እንደተገኘ የማይታወቅ ሸረሪት ለዝርያ መግለጫ መሠረት ሊሆን አይችልም።

በእርሳስ ጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ወረቀቱ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ ውጭ የተለጠፈ ይላቀቃል። የሚጻፈው፦ አገር፣ ክልል፣ የቦታው ስም፣ ኬንትሮስና ኬክሮስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስም፣ የመኖሪያው ዓይነት፣ እና እግሩ ካለበት የዲኤንኤ ብልቃጥ ጋር የሚያገናኝ ቁጥር።

አሁን የእኛ አገር ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ጽፋችሁ «ጥር 2017» ካላችሁ፣ ነገ በርሊን ወይም ፕሪቶሪያ ያለ ሰው 8 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም ጻፉ፤ 5/3 ለአንዱ መጋቢት ለሌላው ግንቦት ነው። ሰዓትም እንደዚያው። «ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በር ላይ ነበረች» የሚለውን 21፡00 ብላችሁ አስፍሩ። ወንዶች የሚንከራተቱበት ወርና ሰዓት የዝርያው ጠባይ አካል ስለሆነ ቀልድ አይደለም።

6. ቤተሰቡንና ጂነሱን ለዩ

ማይክሮስኮፕ ሥር፣ ፔትሪ ዲሽ ውስጥ አሸዋ አድርጋችሁ አልኮል ሙሉበት። አሸዋው ሸረሪቷን በፈለጋችሁት ማዕዘን ይይዝላችኋል። በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦

- ክራንቻዎች። ጎን ለጎን ሆነው ወደ ታች የሚወጉ ከሆነ ከታራንቱላ ጋር በአንድ ትልቅ ምድብ ናት ማለት ነው። እንደ መቀስ የሚገናኙ ከሆነ ሌላ ሸረሪት ናት፣ እዚሁ አቁሙ።
- የሆድ ሥር። ሁለት ጥንድ ሳንባ (አራት ነጣ ያሉ ቦታዎች) መኖር አለበት።
- የመንጋጋው ጫፍ። ለመቆፈሪያ የሚሆኑ አጫጭር ሹል እሾሆች አሉ? ይህ ራስቴለም ይባላል። ሚጊዴ የተባለው ቤተሰብ የለውም።
- የዓይን አቀማመጥ። በራሱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ከተበተኑ አክቲኖፖዲዴን አስቡ። ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ፊት ጠርዝ ከሸሹ ኢዲዮፕስ ሊሆን ይችላል። አፍሪካ ውስጥ ላላችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢዲዮፒዴ የተባለው ቤተሰብ ነው።
- ሦስተኛው እግር። ቲቢያው (ከእግሩ አንጓዎች አንዱ) ላይ እንደ ኮርቻ የጎደጎደ ነገር ካለ ኡሚዲያ ወይም ኮኖቴሌ የተባሉት ጂነሶች ናቸው።
- የሆድ ጫፍ። በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል ጠንካራ ክብ ሳህን ካላት ሳይክሎኮስሚያ ናት። በዚያ ሳህን ጉድጓዷን ከውስጥ ትደፍነዋለች።

ቤተሰብን ሳትለዩ ስለ ዝርያ ማውራት አይቻልም፣ ከማን ጋር እንደምታነጻጽሩ አታውቁምና። ከድሮ መጽሐፍ የምትሠሩ ከሆነ ግን የቤተሰብ ስሞቹን አትመኑ። ድሮ ክቴኒዚዴ ውስጥ የነበሩ ብዙ ጂነሶች በ2018 እና በ2020 በወጡ ሥራዎች ወደ ሌላ ቤተሰብ ተዛውረዋል።

7. ጎልማሳ ወንድ አግኙ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የቅርብ ዘመዳሞች ሴቶች ተመሳሳይ ናቸው፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በወንዱ ላይ ነው። ፔዲፓልፑ (ከእግሮቹ ፊት ያለ፣ ትንሽ እግር የሚመስል አካል) ጫፍ ላይ ያለው ዘር ማስተላለፊያ ቡልብ፣ የፊት እግሩ ላይ በግንኙነት ጊዜ ሴቷን የሚይዝበት እሾህና ጉብታ፣ እነዚህ ከዝርያ ዝርያ ይለያያሉ።

ችግሩ፣ ጎልማሳ ወንድ ጉድጓዱን ትቶ ለጥቂት ጊዜ ሴት ሲፈልግ ይንከራተትና ይሞታል። ብዙ ጊዜ ይህ ከዝናብ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ አትቆፍሩለትም፣ ትጠብቁታላችሁ። ከመሬት እኩል የተቀበሩ ኩባያዎች አዘጋጁ፣ ውስጣቸው ፕሮፒሊን ግላይኮል (የገባው ሸረሪት እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ)፣ ከላያቸው ዝናብ የሚከላከል ከፍ ያለ ጣሪያ። የካውታክ ነገርም የዘገየው በዚህ ነው። ሴቷ በ1997 ተገኝታ፣ ወንዱ የተገኘው በ2019 ነበር።

> ማስጠንቀቂያ፦ ለመኪና ራዲያተር የሚሆነውን ኢቲሊን ግላይኮል ኩባያ ውስጥ አታድርጉ። ጣፋጭ ነው፣ ውሻና ከብት ይጠጡታል፣ ይሞታሉ። ሥራ ሲያልቅ ኩባያዎቹን ነቅላችሁ ውሰዱ።

ሌላው መንገድ ማሳደግ ነው። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ወንድ በአፈር በተሞላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጣችሁ የመጨረሻ ቆዳውን እስኪጥል መጠበቅ። ትዕግሥት ያለው ይሞክረው።

ወንድ ጨርሶ ካልተገኘስ? በሴት ብቻ የተገለጹ ዝርያዎች አሉ፣ ሕጉም አይከለክልም። ግን ልዩነቱ በጣም ግልጽ ካልሆነ በቀር አልመክርም። ነገ ሌላ ሰው ወንዱን አግኝቶ ለብቻው ስም ያወጣለትና አንድ ዝርያ ሁለት ስም ይኖረዋል።

8. የሴቷን ስፐርማቴካ ክፈቱ

ስፐርማቴካ የወንዱን ዘር የምታከማችበት ከረጢት ነው። በእነዚህ ሸረሪቶች ከውጭ አይታይም። ከሆዷ ሥር፣ በፊተኞቹ ሁለት ሳንባዎች መካከል ባለው እጥፋት ላይ በትንሽ መቀስ ቁረጡና ቆዳውን ገልብጡ። ሥጋውን በመርፌ ካጸዳችሁ በኋላ የቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ጨምሩት፣ ብርሃን አስተላላፊ ይሆናል። ቀጥ ያለ ነው? ጫፉ ያበጠ? ቅርንጫፍ ያለው? ሳሉት። የተቆረጠውን ቁራጭ በትንሽ ብልቃጥ አድርጋችሁ ከአካሉ ጋር አቆዩ፣ እንዳትጥሉት።

ሸረሪቷን መግደል ካልፈለጋችሁ አንድ ዘዴ አለ። የእነዚህ ሸረሪቶች ሴቶች ከጎለመሱ በኋላም ቆዳ ይቀይራሉ፣ የስፐርማቴካው ሽፋንም ከጣሉት ቆዳ ጋር ይወጣል። ቆዳውን ውኃ ውስጥ አለስልሳችሁ ዘርጉት።

9. ለኩ፣ ሳሉ

የፊት ጋሻዋን (ራሷንና ደረቷን ከላይ የሚሸፍነውን ጠንካራ ቆዳ) ርዝመትና ስፋት፣ የእያንዳንዱን እግር አንጓ፣ የዓይኖቹን ስብስብ፣ ሁሉንም በሚሊሜትር። እሾሆቹን ቁጠሩ። የተለካው የግራ ይሁን የቀኝ ጎን ጻፉ፣ ሁሌም ያንኑ ጎን ለኩ። ከአንድ በላይ ጎልማሳ ካለ ሁሉንም ለኩ፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለውን ልዩነት ካላወቃችሁ በሁለት ዝርያ መካከል ያለውን አታውቁትም። ሴቶቹ ከጎለመሱም በኋላ ስለሚያድጉ «ከሌላው ትበልጣለች» የሚባል ነገር መለያ አይሆንም። ተመጣጣኝነት (ርዝመት ለስፋት) የተሻለ ነው።

10. ስም ካላቸው ሁሉ ጋር አነጻጽሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ከጠቅላላ ጊዜያችሁ ግማሹን ቢበላ አይግረማችሁ።

ወርልድ ስፓይደር ካታሎግ የሚባል በስዊዘርላንድ የበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያስተናግደው ድረ ገጽ አለ። እዚያ የእያንዳንዱ ዝርያ ስም፣ መጀመሪያ የተገለጸበት ጽሑፍ፣ የቀድሞ ስሞቹ ሁሉ አሉ። በነፃ ትመዘገባላችሁ፣ ጽሑፎቹንም ታወርዳላችሁ። ጂነሳችሁን ፈልጉ። ከዚያ በአገሩና በጎረቤት አገሮች ያሉ ዝርያዎችን በሙሉ ዘርዝሩ። የአገር ድንበር ለሸረሪት ምኗም አይደለም፣ ስለዚህ ጎረቤቶቹን አትተዉ።

ሰንጠረዥ ሥሩ። በአንድ በኩል ዝርያዎቹ፣ በሌላ በኩል መለያዎቹ፦ የቡልቡ ቅርጽ፣ የፊት እግሩ እሾህ፣ ስፐርማቴካ፣ የዓይን አቀማመጥ። የእናንተዋ ከእያንዳንዱ በምን እንደምትለይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልጨረሳችሁም።

እዚህ ላይ የድሮ መግለጫዎች ያስቸግራሉ። ብዙዎቹ በላቲን፣ በጀርመንኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፉ ናቸው፣ አንዳንዴ ጥቂት መስመርና ያለ ሥዕል። አንዳንዶቹ ካልጎለመሰ ሸረሪት ተነስተው የተጻፉ ናቸው። «ቡናማ፣ እግሮቿ ፀጉራም» ከሚል መግለጫ ምንም ማወቅ አይቻልም። መፍትሔው ወረቀቱን ትቶ ሸረሪቷን ማየት ነው። ስሙን የተሸከመችው ሸረሪት ሆሎታይፕ ትባላለች፣ አንድ ሙዚየም ውስጥ ብልቃጥ ሙሉ አልኮል ውስጥ ተቀምጣለች። ለሙዚየሙ ኃላፊ ኢሜይል ጻፉ። ሄዶ ማየት ካልተቻለ ፎቶ ይልኩላችኋል። የትኛው አካል ከየትኛው ማዕዘን እንደሚያስፈልጋችሁ በግልጽ ንገሯቸው፣ «ፎቶ ላኩልኝ» ካላችሁ የጀርባዋን ብቻ ታገኛላችሁ፣ እሱ ደግሞ የሚረባ ነገር የለውም።

ሌላው ዘዴ፣ ጂነሱ በቅርቡ ተጠንቶ እንደሆነ ማየት። ለምሳሌ የአሜሪካ አህጉሮች ኡሚዲያ በ2021 በአንድ ሥራ ተጠንተው 33 አዲስ ዝርያዎች ተገልጸዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ካለ መለያ ቁልፍም ሥዕልም አለው፣ ወራት ታተርፋላችሁ። ከሌለ ደግሞ ብቻውን የቆመ አንድ አዲስ ዝርያ ከመግለጻችሁ በፊት በዚያ ጂነስ ላይ የሚሠራ ሰው ካለ ጠይቁ። ምናልባት የእናንተዋን ዝርያ እሱ ሊያሳትም ተቃርቦ ይሆናል።

11. ዲኤንኤ፦ ይረዳል፣ ግን ብቻውን አይፈርድም

የተለመደው ሲኦአይ የተባለውን ጂን ማንበብ ነው። በብዙ እንስሳት ላይ የተወሰነ መቶኛ ልዩነት ከታየ «ሌላ ዝርያ» ይባላል። ባለክዳን ሸረሪት ላይ ይህ ያሳስታል። ልጆቹ ብዙም ስለማይርቁ ሁለት ኮረብታ ተራርቀው ያሉ የአንድ ዝርያ አባላት እንኳ በዚህ ጂን በጣም ሊለያዩ ይችላሉ። በሲኦአይ ብቻ ብትሄዱ ለእያንዳንዱ ተራራ አንድ ዝርያ ታወጣላችሁ። ስለዚህ ከመላው ጂኖም (የእንስሳው ጠቅላላ ዲኤንኤ) ብዙ ቦታ የሚያነጻጽር ትንተና ጨምሩ፣ ከአካላዊ መለያውና ከመኖሪያው ጋር አስታርቁት።

ተገላቢጦሹም አለ። ዓይን አንድ ነው ያለውን ዲኤንኤ ሁለት ሊያደርገው ይችላል። ካሊፎርኒያ አሸዋ ላይ የሚኖረው አፕቶስቲከስ ሲመስ እንደ አንድ ዝርያ ሲታይ ኖሮ፣ የጂኖም ጥናት ውስጡ ሌላ ዝርያ እንዳለ አሳይቷል። ላቦራቶሪ ከሌላችሁ አትጨነቁ፤ እግሩን በአግባቡ አቆዩት፣ ለሚሠራ ሰው ትሰጣላችሁ።

12. ስም ምረጡ

ስሙ በላቲን ፊደል፣ ያለ ምንም ምልክት ይጻፋል። የእንስሳት ስም አወጣጥ ዓለም አቀፍ ደንብ የሚፈልገውን አክብሩ፦

- በሰው ስም ከሆነ ለወንድ «ኢ»፣ ለሴት «ኤ» የሚሰማ የላቲን መጨረሻ አለው። ጾታውን አታሳስቱ።
- በቦታ ስም ከሆነ «ኤንሲስ» የሚል ቅጥያ የተለመደ ነው።
- ቅጽል ከሆነ ከጂነሱ ስም ሰዋስዋዊ ጾታ ጋር ይስማማ።
- በዚያው ጂነስ ውስጥ ያለ ስም አይደገምም።

በራሳችሁ ስም? ደንቡ በግልጽ አይከለክልም። ግን ይሳቅባችኋል። ካውታክ የተባለው በአካባቢው ነባር ሕዝብ በሙትሱን ቋንቋ የባሕር ዳርቻን ከሚያመለክቱ ቃላት ነው፤ እኔ እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ፣ ቦታውን ይናገራል።

13. መግለጫውን ጻፉ

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፤ ፈጠራ አያስፈልግም። ስሙና አዲስ ዝርያ መሆኑን የሚናገር ምልክት፣ ሆሎታይፑ የትኛው ናሙና እንደሆነና በየትኛው ሙዚየም በምን ቁጥር እንደተቀመጠ፣ ተጨማሪ ናሙናዎች (ፓራታይፕ)፣ የስሙ ምክንያት፣ መለያ፣ የወንዱ መግለጫ፣ የሴቷ መግለጫ፣ በናሙናዎች መካከል ያለ ልዩነት፣ ስርጭት፣ አኗኗር።

ከሁሉ የሚበልጠው «መለያ» የሚለው ነው። ደንቡ አዲሱን ዝርያ ከሌሎች የሚለዩ ባሕርያት በቃላት እንዲጻፉ ያስገድዳል። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ሆሎታይፑ በግልጽ ካልተጠቀሰና የት እንደሚቀመጥ ካልተነገረ ስሙ ተቀባይነት የለውም። ሦስት ገጽ ውብ መግለጫ ጽፎ ሁለቱን መስመር የረሳ ሰው ስም አላወጣም።

14. ናሙናውን አስረክቡ፣ ስሙን አስመዝግቡ፣ አሳትሙ

ሆሎታይፑ ቤታችሁ አይቀመጥም። ተመራማሪ ሊያየው በሚችል ሙዚየም ይግባ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጠይቁ። ከዚያ ዙባንክ በተባለው መዝገብ ሥራውንና ስሙን አስመዝግቡ። በኢንተርኔት ብቻ ለሚታተም ሥራ ይህ ግዴታ ነው፣ የምዝገባ ቁጥሩም ጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት።

ጆርናል ስትመርጡ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ አሉ። ዩሮፒያን ጆርናል ኦፍ ታክሶኖሚ ከጸሐፊም ከአንባቢም አያስከፍልም። ዙታክሳም ጽሑፉ ለሁሉም በነፃ ክፍት ይሁን ካላላችሁ አያስከፍልም። «በ3 ቀን እናሳትማለን፣ ክፈሉ» የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ አጥፉት።

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው

- ስሙን ከመታተሙ በፊት ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። እንዲህ ያለው ስም በደንቡ ዋጋ የለውም፣ ግን ግራ መጋባት ይፈጥራል። እስኪታተም «አዲስ ሊሆን የሚችል» በሉ፣ ይበቃል።
- ትክክለኛውን ቦታ ለሕዝብ መግለጥ። እነዚህን ሸረሪቶች ለሽያጭ የሚቆፍሩ ሰዎች አሉ። አይናቹራሊስት (ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅዋት ፎቶ የሚያጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ ስትጭኑ ቦታው እንዲደበዝዝ አድርጉ። ዝርዝሩ ሙዚየሙ ጋ ይቀመጥ።
- ከአንድ ናሙና መጻፍ። ይቻላል፣ ግን ያ አንድ ሸረሪት እግሩ ተቆርጦ እንደገና የበቀለ ወይም በተፈጥሮው ለየት ያለ ሊሆን ይችላል።
- ቀለምን ዋና መለያ ማድረግ። ቆዳ ሊቀይር የተቃረበ ሸረሪት ይጠቁራል፣ አዲስ የቀየረ ይገረጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ጀማሪ ሁለት ዝርያ ይላል።
- ወንድና ሴትን ያለ ማስረጃ ማጣመር። በአንድ ቦታ ስለተገኙ ብቻ የአንድ ዝርያ ናቸው አይባልም፤ አንድ ተዳፋት ላይ ሁለት ዝርያ ሊኖር ይችላል። ወይ ዲኤንኤ ያጣምራቸው፣ ወይ ወንዱ ከዚያው ዓይነት ጉድጓድ ይገኝ፣ አለዚያ ጥርጣሬያችሁን ጽሑፉ ውስጥ አስቀምጡ።
- ብልቃጡን መርሳት። አልኮል ይተናል። በዓመት አንዴ እንኳ እያያችሁ ሙሉት፤ የደረቀ ናሙና ዳግም አልኮል ቢገባበትም እንደ ቀድሞው አይሆንም።